የቀኛዝማቹ ኮከብ

ደብሪቱ የወፍጮውን መጅ በሁለት እጇ ይዛ ትገፋለች፣ ትስባለች፣ እንደገና ትገፋለች። ከመጁ ሥር የተቆላ ገብስ እየደቀቀ ይወርዳል። እጆቿ ሥራቸውን ያውቃሉ፤ ሐሳቧ ግን ሌላ ቦታ ነው። በሶው የመንገድ ስንቅ ነው። መንገደኛው ባሏ ደምለው ነው። ነገ ጧት የፊጥኝ ታስሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ይነዳል። በዚያን ዘመን ለጣሊያን ታስሮ ወደ ደብረ ማርቆስ ከተነዳ ሰው ስንቁን ጨርሶ የተመለሰ አልታየም። ደብሪቱ ይህን ታውቃለች። ብታውቅም ገብሱን አላሳነሰችም፤ እንዲያውም በሶው እንዳይሰለቸው ብላ ጨውና ትንሽ በርበሬ ጣል አደረገችበት።

ነገሩ የመጣው በጠመንጃ ነው። ጣሊያን አገሩን ከያዘ ወዲህ ጠመንጃ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተብሎ ታውጇል። ደምለው ደግሞ ከአባቱ የወረሳት አንዲት ውጅግራ ነበረችው። አምጣ ሲሉት «ሸጫታለሁ» አለ። ለማን ሲሉት «ለማላውቀው ሰው» አለ። የት አገኘኸው ሲሉት «ጉንደ ወይን ገበያ» አለ። ጉንደ ወይን ገበያ ላይ የማይታወቅ ሰው መኖሩ እውነት ነው። ውጅግራዋ ግን በቅቤ ታሽታ፣ በቁርበት ተጠቅልላ ከገብሱ ጉድጓድ ሥር ተኝታ ነበር። ደብሪቱ በሶውን የምትፈጨው ከዚያው ጉድጓድ በወጣ ገብስ ነው።

ደምለውን የያዘውም ባዕድ ሰው አልነበረም፤ የአገሩ ጭቃ ሹም እንዳላማው ነው። ጣሊያን ሲመጣ ቀድመው ወጥተው እጅ ከነሱት አንዱ ስለነበረ «ቀኛዝማች» ተብሎ ዘርፋም ካባ ተሸልሟል። ካባው የተሰፋው ለረጅም ሰው ሳይሆን አይቀርም፤ እንዳላማው ሲራመድ ከኋላው የአውድማ ጭድ እየጠረገ ይከተለዋል። ሰው በፊቱ «ቀኛዝማች» ይለዋል፣ ዞር ሲል ደግሞ «ጭድ ጠራጊው»። ሚስቱን ዘሪቱንም ከሹመቱ በኋላ «እርስዎ እያልሽ ጥሪኝ» ብሏት ነበር። እሷም በእንግዳ ፊት «እርስዎ» ትለዋለች፤ እንግዳው ሲወጣ ወደ ድሮው ትመለሳለች።

ደምለውን ያሰረው እዚያው ግቢው ውስጥ፣ ከከብቶቹ በረት አጠገብ ካለች ጎጆ ነው። ሁለት እግሮቹን በተፈለፈለ ግንድ ውስጥ አስገብቶ በሽብልቅ ቆልፎበታል።

ደብሪቱ አልቃሽ ናት። ከአምበር ጀምሮ እስከ ደብረ ማርቆስ መዳረሻ ድረስ ሰው ሲሞት መጀመሪያ ወደ ዘመድ ይላካል፣ ቀጥሎ ወደ ደብሪቱ። ሌሎቹ አልቃሾች ለሞተ ሁሉ ያንኑ ይሉ ነበር፤ ፈረሱ፣ ጎራዴው፣ አንበሳ ገዳይነቱ። ዕድሜውን ሙሉ ከፍየል ኋላ ሲሄድ የኖረውንም ሽማግሌ አንበሳ ያስገድሉታል። ደብሪቱ እንዲያ አታውቅበትም። ለቅሶ ቤት ስትደርስ ወደ ሬሳው አትሮጥም። መጀመሪያ ጓዳ ትገባለች፣ ከሴቶቹ መካከል ትቀመጣለች፣ ትጠይቃለች። «ይህ ሰው ምን አደረገ? ማን አየ?» ትላለች። አንዲት ያደረጋት ነገርና ያየ ሰው ስታገኝ ትነሣለች። ካላገኘች ደረቷን ትመታለች እንጂ ቃል አይወጣትም።

«የውሸት ሙሾ እንባ አያመጣም፤» ትል ነበር። «ሰው አፉን ይከፍታል እንጂ ዓይኑ አይረጥብም።»

የእንዳላማው አባት የሞቱ ጊዜ እንኳ እንዲሁ ነበር። ከጎረቤት ሁሉ በድንበር የተጣሉ፣ ሰላምታ የሚነፍጉ ሽማግሌ ነበሩ። ሌሎቹ አልቃሾች አንበሳውን ሲያስገድሏቸው ሰዉ ጉሮሮውን ይጠራርግ ነበር። ደብሪቱ ጓዳ ገብታ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ አንዲት አሮጊት፣ በዚያ ምንጭ ሁሉ በደረቀበት ዓመት ሰውዬው ሌሊት ሌሊት ተነሥተው፣ ማንም ያየኝ የለም ብለው፣ ጎረቤት እንዲቀዳ ያልደረቀውን የራሳቸውን ምንጭ አጥር ከፍተው ይተኙ እንደነበር ነገረቻት። ደብሪቱ ወጥታ ያችን ብቻ ብላ ተቀመጠች። ለቅሶው ተቀየረ። በድንበር የተጣሏቸው ሁሉ አለቀሱ። እንዳላማው ከሁሉ ይልቅ አለቀሰና «እኔም ስሞት አንቺ ነሽ የምታለቅሽልኝ፤ ከሌላ አልፈልግም» አላት። እሷም ቃል ገባችለት። ይህን ሲላት የሱ ጊዜ ሩቅ ነው ብሎ ነው።

እንግዲህ ያን ምሽት ደብሪቱ ፈጭታ ጨረሰችና ወንፊቱን ለማራገፍ ወደ ደጅ ወጣች። የታኅሣሥ ሰማይ ጥርት ብሏል። ፀሐይ ጠልቃለች፣ ግን ሰው ከሰው ገና ይተያያል። ወንፊቱን አንዴ መታ አደረገችው። ወዲያው ግቢው በራ።

መጀመሪያ ያየችው ሰማዩን አልነበረም፤ ጥላዋን ነው። ጥላዋ፣ እሷ ከቆመችበት ሳትነቃነቅ፣ ዞራት። ቀና ስትል ከጮቄ በኩል የተነሣ እሳት ወደ ዓባይ በረሃ ሲያልፍ አየች። እንደ ቀትር ፀሐይ ያበራል፣ ዙሪያው ግን አረንጓዴ ነው፤ ከኋላው ፍም እያንጠባጠበ ይሄዳል። የሰፈሩት ዶሮዎች ከቆጡ ዱብ ዱብ አሉ። ከዚያ ጠፋ። ሁሉም ከጠፋ በኋላ፣ ሰው «በስመ አብ» ብሎ ሳይጨርስ፣ ሰማዩ ድንጋይ እንደሚንከባለልበት ጎተራ አጓራ።

ጉርምርምታው ሳይበርድ ከመንገዱ ዳር ያለው የጣሊያን ምሽግ መትረየሱን ወደ ሰማይ ለቀቀው። ጣሊያኖቹ አርበኞች የምልክት እሳት የተኮሱ መስሏቸው ነው። ሰማዩን ደህና አድርገው ደበደቡት። ሰማዩም አልመለሰላቸውም።

ደብሪቱ በሶውን በስልቻ ቋጠረች። ይህ ሁሉ ሲሆን ባሏ እግሩ ግንድ ውስጥ ነው፤ ሮጦ እንኳ መውጣት አይችልም። ስልቻውን ጀርባዋ ላይ ጣለችና ወደ እንዳላማው ግቢ ገሰገሰች።

ግቢው በሰው ተሞልቷል። ሰዉ ከሹም ደጅ የሮጠው ሹሙ ያድነናል ብሎ ሳይሆን፣ በድንጋጤ ጊዜ እግር የለመደው መንገድ ያ ስለሆነ ነው። ሁሉም አብሮ ይጮኻል።

«በእኔ በረት ላይ ነው ያለፈው! ጊደሬ አሁንም ትንቀጠቀጣለች።»

«ወዲያ! በአንተ በረት ላይ ቢያልፍ ሣርህ አይቃጠልም ነበር? በእኔ ጓሮ ነው እንጂ።»

እንዳላማው ካባውን ደርቦ ወጣ። ሌላ ጊዜ ካባ የሚደርበው ለጣሊያን ነው፤ ዛሬ ለሰማይም ደረበ።

«ዝም በሉ!» አለ። «ያለፈው በእኔ እልፍኝ ጉልላት ላይ ነው። በዓይኔ አይቻለሁ። እንዲያውም ቆም ብሎ ነው ያለፈው።»

«ቆመ?»

«ቆመ! እዚህ እኔ ቤት ላይ ሲደርስ ትንሽ ቆመ። ምን ለማለት እንደሆነ እናንተ አይገባችሁም።»

ባለ ጊደሩ ሊከራከር አፉን ሲከፍት መሪጌታ ገብረ ኪዳን እያለከለኩ ደረሱ። መሪጌታ የደብሩ መሪ ናቸው፤ ኮከብ መቁጠርም ያውቃሉ ይባላል። ሰው መንገድ ለቀቀላቸው።

«የኔታ፣ ምንድን ነው?»

መሪጌታ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ኮከብ ነው። ኮከብ ደግሞ በከንቱ አይወድቅም። ትንሽ ኮከብ ሲወድቅ ትንሽ ሰው ይሞታል። ይህን የሚያህል የወደቀ እንደሆነ ግን ትልቅ ሰው ነው። ይህች ጨረቃ ሳትሞላ አንድ ትልቅ ሰው ያርፋል።» ዙሪያቸውን ተመለከቱ። «ለመሆኑ በማን ቤት ላይ ነው ያለፈው?»

ባለ ጊደሩ ጉሮሮውን ጠራረገ።

«እኔስ... አሁን ሳስበው፣ ከበረቴ በጣም ወዲያ ነው። ቀኛዝማች ያሉት ነው ትክክሉ። ቆሞም ነበር።»

«እውነት ነው፣ ቆሟል፤» አለ ያኛውም። «እኔም አይቻለሁ። በእልፍኙ ላይ።»

ሁሉም ወደ እንዳላማው ዞረ። እንዳላማው እጁን ደረቱ ላይ ወደሚንጠለጠለው የጣሊያን ኒሻን ሰደደ። አፉን ከፈተ። አልቆመም ሊል ነበር። ግን በዚህ ሁሉ ሰው ፊት የተናገረውን እንዴት ይመልሰዋል? አፉን ዘጋና ወደ እልፍኙ ገባ። ካባው ጭዱን እየጠረገ ተከተለው።

ደብሪቱ ባሏ ወደታሰረባት ጎጆ ሄዳ ለደምለው ውሃና በሶ ሰጠችው። ደምለው በበሩ ቀዳዳ ብርሃኑን ብቻ አይቶ ነበር።

«ምን መጣ? አርበኞች ናቸው?»

«ኮከብ ነው።»

«ኮከብ ምን ያደርግልኛል!» አለና በሶውን በጥብጦ ይጠጣ ጀመር። እሷም እግሮቹን ዳሰሰች። ግንዱ የነካቸው ቦታ አብጧል። ቅቤ ይዛ አልመጣችም፤ በበሶው ምክንያት ሌላው ሁሉ ተረስቷት ነበር። ይህን ስታስብ ቀኑን ሙሉ ያልመጣ እንባ አሁን መጣ። ወዲያው ግን ዘሪቱ ከበሩ ላይ ጠራቻት።

«ደብሪቱ፣ ነይ፤ ይፈልግሻል። ልሞት ነው እያለ ነው።»

እልፍኝ ሲገቡ እንዳላማው አልጋው ላይ ከነካባው ተጋድሟል። ዘሪቱ እንግዳ መኖሩን ረስታ ከራስጌው ቆመች።

«እኔ የምልህ፣ ምን ያስፈራሃል? የኔታ ትልቅ ሰው ይሞታል ነው እኮ ያሉት። አንተን አይመለከትም፤ ተነሥና ራትህን ብላ።»

እንዳላማው ቀና አለ። «ምን ማለትሽ ነው?»

«ማለቴማ፣ አንተ መቼ ትልቅ ሰው ሆንክና ነው? ባለፈው ዓመት እኮ ከእናቴ ቤት ዘር ተበድረን ነው የዘራነው።»

«ዘሪቱ! እኔ ቀኛዝማች ነኝ!»

«ካባው ነው ቀኛዝማች። አንተ እንዳላማው ነህ። እንዳላማው ደግሞ አይሞትም፤ ተነሥ።»

ደብሪቱ የሰውዬውን ፊት ትመለከት ነበር። ብዙ ሰው ሲሞት አይታለች፣ ብዙ ሰው ሲፈራም አይታለች። እንዲህ ያለውን ግን አላየችም። ሰውዬው ሞትን ይፈራል፤ ኮከቡ የሌላ ሰው እንዳይሆንም ይፈራል። ሁለቱ ፍርሃቶች ፊቱ ላይ ሲታገሉ ቆዩና ሁለተኛው አሸነፈ።

«ኮከቡ የእኔ ነው፤» አለ። «ቆሟል። ደብሪቱ፣ ቃል ገብተሽልኛል።»

«ገብቻለሁ ጌታዬ።»

«እንግዲያው አሁን በዪው። በጆሮዬ ልስማው። ሰው ሁሉ የሚሰማው እኔ ከሄድኩ በኋላ ነው፤ እኔ ግን መስማት እፈልጋለሁ።»

ደብሪቱ መደቡ ላይ ተቀመጠች። በቁሙ ላለ ሰው አልቅሳ አታውቅም። ግን ልማዷን አልለቀቀችም።

«ምን አድርገዋል ጌታዬ? ማንስ አየ?»

«አንበሳ በዪ።»

«የት ገደሉ?»

«ዓባይ በረሃ።»

«ማን አየ?»

እንዳላማው ወደ ዘሪቱ ተመለከተ። ዘሪቱ ወደ ጣሪያው ተመለከተች።

«ይቅር፤» አለ። «ፈረስ በዪ።»

«ፈረሱን ሸጠውታል ጌታዬ። ያየሁት እኔ ነኝ፤ ሲሸጡት።»

«ግብር አብልቻለሁ! ስንቱን!»

«አብልተዋል። የበሉት ግን ጣሊያኖቹ ናቸው። ላስገባው?»

እንዳላማው ራሱን ነቀነቀ። ደብሪቱ ስታስበው ያየችውና ሁሉም ያየው ነገር አንድ ብቻ ነው። ዓይኖቿን ጨፍና፣ ደረቷን በስሱ እየመታች ጀመረች።

«የለበሰው ካባ ትከሻው ላይ ያለ፣
ማን ሰጠህ ብለውት፣ ጣሊያን ሰጠኝ አለ።»

«ተይ! ተይ!» አለ እንዳላማው እጁን እያወራጨ። «ይህን በሬሳዬ ላይ ልትዪ ነው? ልጅ ሲሰማው ይስቃል!»

«ሌላ ነገር ቢኖር እሱን እል ነበር ጌታዬ። የሌለውን ብለው ሰው አያለቅስልዎትም። በአባትዎ ጊዜ አይተዋል።»

አባቱን ስታነሣ ዓይኑ ተለወጠ። «ለአባቴስ አንዲት ነገር አገኘሽላቸው...»

«አድርገዋታላ። አጥር ከፍተው ይተኙ ነበር።»

ይህን የተናገረችው ሳታስብ ነው። ከአፏ ከወጣ በኋላ ግን ሰማችው። እጇ ደረቷ ላይ እንዳለ ቆመ። ከበረቱ በኩል ደምለው ሲያስል ይሰማል። ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያዘችው፤ ጥጃ ወዳለበት በር እንደሚጠጉት ዓይነት።

«ጌታዬ፣ ለቅሶ ቤት ከሚባለው ሁሉ ሰው ሆዱን የሚያባባው አንድ ነገር ነው። ጀግናውን ያደንቁታል፣ ለጋሱን ያነሡታል። የታሰረ ሰው የፈታውን ግን... ያን የሚሰማ ጠላትም ያለቅሳል።»

«እንዴት ነው የሚባለው?»

«አልልም። ያልተደረገ ነገር ነው።»

«እስቲ በዪው! ለመስማት ያህል!»

ደብሪቱ ዓይኗን ጨፈነች። ቃሎቹ እንደ ሌላ ጊዜ አልተፈለጉም፤ ቀኑን ሙሉ በወፍጮው ሥር ሲደቁ የዋሉ ይመስል ተዘጋጅተው መጡ።

«አስረህ አምጣው ሲሉት ግንዱን ከፍቶ ፈታ፣
ያገሩን ልጅ ለቆ ሞተ እንደ ጌታ።»

እንዳላማው መጀመሪያ አፍንጫውን ሳበ። ከዚያ የካባውን ዘርፍ ዓይኑ ላይ አደረገ። ለራሱ አለቀሰ፤ ሞቶ፣ ተገንዞ፣ አገር ተሰብስቦ፣ ይህች ስንኝ ስትባል እያየ አለቀሰ።

«ድገሚልኝ።»

ስትደግምለት ከበረቱ በኩል የደምለው ድምፅ መጣ።

«ደብሪቱ! እኔ ሳልሞት ለሱ ታለቅሻለሽ? ነገ እኔ ነኝ እኮ የምሄደው!»

«ዝም በል አንተ!» ብላ ጮኸችበት ደብሪቱ፤ በትዳራቸው እንዲያ ጮኻበት አታውቅም። «ሥራ ላይ ነኝ!»

እንዳላማው ተነሥቶ ተቀመጠ። «ብፈታው ጣሊያኑ ምን ይለኛል?»

ከራስጌው የመለሰችለት ዘሪቱ ናት። ባሏን ለአንዴ እንኳ ሳታላግጥበት ቀስ ብላ ተናገረች። «ምን ይልሃል? ትሞታለህ አይደል? ለሞተ ሰው ጣሊያን ምን ያደርገዋል?»

እንዳላማው ይህን አሰበበት። እውነት ነው። ከሹመቱ ወዲህ ጣሊያንን ያልፈራበት የመጀመሪያው ቅጽበት ነበር። መዶሻ አነሣ፣ ኩራዝ አስያዘ፣ ወደ እስረኛው ጎጆ ገባ። ሽብልቁን በራሱ እጅ መትቶ አወጣው። ግንዱ ተከፈተ።

«ውጣ፤» አለው። «ማን እንደፈታህ አይተሃል?»

ደምለው እግሮቹ ደንዝዘው ወዲያው መቆም አልቻለም። «አይቻለሁ።»

«በደንብ እይ። ኩራዙን ጠጋ አድርጉለት። አየህ? እኔ ነኝ። ስትጠየቅ መስክር።»

ባልና ሚስት እስከ ዓባይ ገደል አፋፍ አብረው ሄዱ። ደምለው በመንገድ ላይ ቤት ጎራ ብሎ ውጅግራዋን ከጉድጓዱ አውጥቷል። ለደብረ ማርቆስ የተቋጠረው በሶ አሁን ለዱር ሆነ።

«በምን አስፈታሽኝ?» አላት።

«በሁለት መስመር።»

«ለእኔ ስንት መስመር አዘጋጅተሽልኝ ነበር?»

«ምንም። ላንተ እምቢ ብሎኝ ነበር፤» አለች። እውነቷን ነበር። ደምለው ስቆ ወደ ዓባይ በረሃ ወረደ።

በማግሥቱ ጧት የምሽጉ ጣሊያን ሹም ከወታደሮቹና ከአስተርጓሚው ጋር መጣ። እንዳላማው ነጭ ኩታ ለብሶ፣ ኒሻኑን ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ እጆቹን አጣጥፎ አልጋው ላይ ነው። ጎረቤቶች ዙሪያውን ተቀምጠዋል። መሪጌታም አሉ። ደብሪቱ ከበሩ አጠገብ ቆማ ነበር፤ ሰውዬው ፈርቶ ነገሩን በእሷ ቢያላክክ ደምለውን ያሳድዱታል፣ እሷንም ያስሯታል።

ሹሙ ጠየቀ፤ አስተርጓሚው አስተላለፈ። «ትናንት ማታ የተተኮሰው እሳት ከየት ተተኮሰ? እስረኛውስ የት አለ?»

እንዳላማው ዓይኑን ከጣሪያው ሳያነሣ፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጎ መለሰ። «እሳቱ ከሰማይ ነው። እስረኛውን እኔ ፈትቼዋለሁ። ያገሬ ልጅ ነው።»

ይህ ሰው ዕድሜውን ሙሉ የተናገረው ትልቁ ቃል ይህ ነበር። ዘሪቱ አስተርጓሚውን ብቻ ተመለከተችው። አስተርጓሚው በዚያ ቤት ብዙ ራት የበላ ሰው ነው። ትንሽ አሰበና በጣሊያንኛ ረጅም ነገር ተናገረ። ኋላ ለዘሪቱ እንደነገራት ያለው እንዲህ ነው፤ ሽፍቶች በምልክት እሳት ታግዘው ግቢውን ወረሩ፣ ቀኛዝማቹ ብቻቸውን ሲዋጉ አመሹ፣ እስረኛው ተወሰደ፣ እሳቸውም ይኸው እንደምታያቸው ወድቀዋል።

የጣሊያኑ ሹም ባርኔጣውን አወለቀ። ጎንበስ ብሎም እንዳላማው ደረት ላይ፣ ከቀድሞው ኒሻን አጠገብ፣ ሌላ ኒሻን ሰካ። እንዳላማው ዓይኑን ጨፍኖ ጥይት ሲጠብቅ የመርፌ ጫፍ ወጋው። ዓይኑን ከፍቶ ዙሪያውን ሲያይ፣ ከመሞት ይልቅ ያሳዘነው ይህ ይመስል ነበር።

ጨረቃዋ ሞላች፣ ጎደለች፣ እንዳላማው አልሞተም። መሪጌታ ሲጠየቁ «ትልቁ ሰው ሩቅ አገር ይሆናል» አሉ። እንዳላማው ለጥቂት ጊዜ ተቀየማቸው። ነጋዴዎች ወሬ ሲያመጡ ደግሞ ሉማሜ ያሉት በእኛ ላይ ነው ያለፈው ይላሉ፣ ጉንደ ወይን ያሉትም በእኛ ላይ ቆሟል ብለው ይምላሉ። ሆኖም ከዚያ በኋላ እንዳላማው ማንንም አስሮ ለጣሊያን አልሰጠም። ሰነፈ ያሉትም አሉ፤ ደብሪቱ ግን ስንኟን እንዳያበላሽባት እየተጠነቀቀ ነው ባይ ናት። በመንገድ ሲያገኛት ድምፁን ዝቅ አድርጎ «አለች?» ይላታል። እሷም «አለች ጌታዬ፤ ለማንም አላልኳትም» ትለዋለች።

ጣሊያን ሲወጣ ደምለው ውጅግራዋን እንደያዘ ተመለሰ። ሰዉ የእንዳላማውን ቤት ሊዘርፍ ሲነሣ በሩ ላይ የቆመው እሱ ነው። «ኩራዝ አስጠግቶ አሳይቶኛል፤ መስክር ብሎኛል፤ እመሰክራለሁ» አለ። ቤቱ ተረፈ። ሹመቱ ቀረ። ካባውን ዘሪቱ ቆርጣ ለበቅሎ ኮርቻ ግላስ አደረገችው፤ ኒሻኖቹን የጎረቤት ልጆች ውሻ አንገት ላይ አሰሯቸው።

እንዳላማው የሞተው ከዚያ ብዙ ዓመት ቆይቶ፣ በሆድ ሕመም፣ አንድ ኮከብ እንኳ ባልወደቀበት ሳምንት ነው። የባንዳ ለቅሶ ነው ተብሎ ብዙ ሰው አልመጣም። የመጡትም ራቅ ብለው ተቀመጡ። ደብሪቱ ግን እግሯን እያመማት መጣች። ጓዳ አልገባችም፣ አልጠየቀችም፤ ያየችው ራሷ ነበረች። ደረቷን እየመታች ያቺኑ ስንኝ አለች። መጀመሪያ ማንም አላለቀሰም። ከዚያ ዘሪቱ ጀመረች፤ ያቺ ዕድሜዋን ሙሉ ስታላግጥበት የኖረችው ዘሪቱ። ከዚያ ደምለው። ራቅ ብለው የተቀመጡት አንድ በአንድ ተጠጉ።

ደብሪቱ ራሷ የሞተችው በነሐሴ ነው። ወንዙ ሞልቶ ከወዲያ ማዶ አልቃሽ መሻገር አልቻለችም። የአገሩን ሰው ሁሉ ያለቀሰችለት ሴት በዝምታ ልትቀበር ሆነ። ደምለው አርጅቶ ነበር፤ ከሬሳዋ አጠገብ በምርኩዝ ተነሥቶ ቆመ። «ደብሪቱ...» አለ። ሰው ጠበቀ። ሁለተኛውን ቃል ፈልጎ አጣና ተቀመጠ። እንግዲህ የእሷ ሙሾ ያች ስሟ ብቻ ናት።

አንባቢዬ፣ አንድ ምሽት ደጅ ቆመሽ፣ ወይም ከብት ስታስገባ፣ ኮከብ ሲወድቅ ያየሽ ወይም ያየህ እንደሆነ፣ ትልቅ ሰው ማን ሞተ ብላችሁ አትጨነቁ። ያን ጊዜ ከቻላችሁ ለደብሪቱ አንዲት ስንኝ በሉላት። ምን እንዳደረገች ይኸው ነግሬያችኋለሁ። ያላደረገችውን ግን አትጨምሩባት፤ አትወድም ነበር።